«ባይ» የምትባለው የእንግሊዝኛ መስተዋድድ፦ ትርጉሟና አገባቧ ደረጃ በደረጃ

«የጣሊያን ጦር በ1888 ዓ.ም. በአድዋ በኢትዮጵያውያን ተሸነፈ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የሚቀመጥ ሰው በአማርኛው ውስጥ «በ» የምትባለውን አንዲት ፊደል ሦስት ጊዜ ያገኛታል፤ እንግሊዝኛው ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ይጠይቀዋል። ዘመኑ «ኢን» ይፈልጋል፣ ቦታው «አት» ይፈልጋል፣ ድል አድራጊው ደግሞ «ባይ» ይፈልጋል፦ «ዚ ኢታሊያን አርሚ ዋዝ ዲፊትድ ባይ ዚ ኢትዮፒያንስ አት አድዋ ኢን 1896»። «በጦርና በጎራዴ» የሚል ቢጨመርበት «ዊዝ» የምትባል አራተኛ ቃል ትመጣለች። አማርኛ በአንዲት ፊደል የሚሸከመውን ሸክም እንግሊዝኛ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል፤ ችግራችንም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከእነዚህ ቃላት መካከል ስለ «ባይ» ነው። በ«ቢ» እና በ«ዋይ» ትጻፋለች፤ ከዚያ የሚያልፍ ፊደል የላትም። አነባበቧ «መግዛት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስና ስንሰነባበት ከምንለው «ባይ» ጋር አንድ ስለሆነ በጆሮ መለየት አይቻልም፤ የሚለያት በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የያዘችው ቦታ ነው። ስንብቱ «ጉድባይ» ደግሞ ከዚህች መስተዋድድ ጋር ዝምድና የለውም፤ «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ከሚል የቆየ ምርቃት አጥሮ የቀረ ቃል ነው። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ሁሉ አነባበቡን እየተከተልሁ በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ አንባቢው እያንዳንዱን ምሳሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው እለምናለሁ፤ መስተዋድድ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም የሚለመድ ነገር ነውና።

በእኔ እምነት አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህች ቃል ላይ የምንሠራው ስሕተት አብዛኛው ከሁለት ምንጮች ይቀዳል። አንደኛው የ«በ» ስፋት ነው። ሁለተኛው የ«እስከ» ስፋት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች የሚከተል ሰው በሁለቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቢቆይ ድካሙ ይክሰዋል።

አንደኛ ደረጃ፦ ከመነሻ ትርጉሟ ይጀምሩ

የ«ባይ» የጥንት ትርጉም «አጠገብ» ነው። በጀርመንኛም ያለችው እህቷ በድምፅ እንዲያውም «ባይ» ተብላ ስትነበብ እስከ ዛሬ «አጠገብ» ወይም «ዘንድ» ማለት ናት። በእንግሊዝኛ «ቢሳይድ» የሚለው ቃል ሲፈታ «ከጎን አጠገብ» ይሆናል፤ «ምክንያቱም» የምንልበት «ቢኮዝ» ደግሞ «ባይ» እና «ኮዝ» ተጣብቀው የወለዱት ነው። ይህን መነሻ ማወቅ ለኋላው ይጠቅማል፤ አድራጊውም፣ መሣሪያውም፣ የጊዜ ገደቡም ነገሩ አጠገቡ የሚቆምበት ምሰሶ ናቸው ብሎ ማሰብ ይቻላልና።

በቦታ አገባቧ «ባይ» የእኛ «አጠገብ»፣ «ዳር» እና «ጥግ» ናት። «በሩ አጠገብ ቆማለች» ስንል «ሺ ኢዝ ስታንዲንግ ባይ ዘ ዶር»፣ «መስኮቱ ጋ ተቀመጥ» ስንል «ሲት ባይ ዘ ዊንዶው» ይባላል። የባሕር ዳር ከተማ ስም ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢመለስ «ባይ ዘ ሲ» ከሚለው ሐረግ ጋር ይገጥማል፤ ጣና ዳር ያለ ቤትም «አ ሃውስ ባይ ዘ ሌክ» ነው። ይሁን እንጂ ለከተሞች ርቀት «ባይ» አትሆንም፤ ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት ለማለት የሚያገለግለው «ኒር» ነው። «ኔክስት ቱ» የሚለውም ከ«ባይ» ጠበብ ይላል፦ በመካከል ሌላ ነገር ሳይኖር ጎን ለጎን መሆንን ያመለክታል፤ «ባይ» ግን ቅርብ መሆኑን ብቻ ተናግራ ታልፋለች።

እንቅስቃሴ ካለበት ግስ ጋር ስትሆን አጠገብ ሆኖ ማለፍን ታሳያለች። «ሂ ዎክድ ባይ» ማለት «በአጠገባችን አለፈ» ነው። «ድሮፕ ባይ» እና «ስቶፕ ባይ» ደግሞ አማርኛ «ጎራ ማለት» የሚልበት ነው፤ «ማታ ቤት ጎራ በል» የሚለው ግብዣ «ስቶፕ ባይ ዘ ሃውስ ዚስ ኢቭኒንግ» ይሆናል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ አድራጊውን ከመሣሪያው ይለዩ

ግሱ ተደራጊ በሚሆንበት ጊዜ፣ ማለትም «ተጻፈ»፣ «ተሠራ»፣ «ተሸነፈ» በምንልበት ጊዜ፣ ድርጊቱን የፈጸመው «በ» ይዞ ይመጣል። የፈጸመበት ዕቃም «በ» ይዞ ይመጣል። እንግሊዝኛ ሁለቱን አይቀላቅልም፦ ፈጻሚው «ባይ»፣ ዕቃው «ዊዝ» ይይዛል። «ደብዳቤው በእኅቴ ተጻፈ» የሚለው «ዘ ሌተር ዋዝ ሪትን ባይ ማይ ሲስተር» ነው፤ «ሥጋው በቢላዋ ተቆረጠ» የሚለው ግን «ዘ ሚት ዋዝ ከት ዊዝ አ ናይፍ» ነው።

መለያ ዘዴው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ወደ አድራጊ ይመልሱትና «በ» የያዘው ስም ባለቤት ሆኖ መቆም ይችል እንደሆነ ይመልከቱ። «እኅቴ ደብዳቤውን ጻፈች» ይባላል፤ ስለዚህ «ባይ»። «ቢላዋው ሥጋውን ቆረጠው» ሲባል ግን ቢላዋውን የያዘው ሰው የት ሄደ ያሰኛል፤ ስለዚህ «ዊዝ»። ባለቤት የሚሆነው ሰው ብቻ እንዳይመስለን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መብረቅ፣ ጎርፍ፣ በሽታና መኪና ባለቤት ሆነው ይቆማሉ፤ በመብረቅ የተመታ ዛፍ «ስትራክ ባይ ላይትኒንግ»፣ በመኪና የተገጨ ሰው «ሂት ባይ አ ካር» ይባላል።

ልዩነቱ ፍሬ ነገሩን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። «በድንጋይ ተመታ» የሚለው አማርኛ ድንጋዩ ከገደል ተንከባሎ ይሁን፣ ሰው ወርውሮት ይሁን አይናገርም። በእንግሊዝኛ «ሂ ዋዝ ሂት ባይ አ ስቶን» ሲባል አድማጩ የሚያስበው ድንጋዩን ብቻ ነው፤ ራሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። «ሂ ዋዝ ሂት ዊዝ አ ስቶን» ሲባል ግን ድንጋዩን ያነሳ እጅ አለ ማለት ነው። ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤት ቃሉን የሚሰጥ፣ ወይም ለሌላ ሰው የሚያስተረጉም ወገን ይህን ልዩነት አቅልሎ ሊያየው አይገባም፤ በአንዲት መስተዋድድ አደጋ የነበረው ነገር ጥቃት ይሆናል፣ ጥቃቱም አደጋ ይሆናል።

ሁኔታን እንጂ ድርጊትን የማይገልጹ ተደራጊዎች ከዚህ ሥርዓት ወጣ ይላሉ። በውሃ የተሞላ እንስራ «ፊልድ ዊዝ ዎተር» ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ነገር ፍላጎት ሲያድርበት «ኢንተረስትድ ኢን» ይባላል። የተሠራበት ነገር ሲጠቀስ ደግሞ «ባይ» የሠሪው ብቻ ናት፦ ቀለበቱ ከወርቅ ከሆነ «ሜድ ኦፍ ጎልድ»፣ እንጀራው ከጤፍ ከሆነ «ሜድ ፍሮም ጤፍ»፣ እናቴ ጋግራው ከሆነ «ሜድ ባይ ማይ ማዘር»።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መጓጓዣና መገናኛ

«በታክሲ መጣሁ»፣ «በባቡር ሄደች»፣ «በአውሮፕላን ደረሱ» የምንላቸው ሁሉ «ባይ ታክሲ»፣ «ባይ ትሬይን»፣ «ባይ ፕሌን» ይሆናሉ። እዚህ ላይ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይረሳል። በ«ባይ» እና በመጓጓዣው መካከል ምንም ቃል አይገባም፤ «ዘ» አይገባም፣ «አ» አይገባም፣ «ማይ» አይገባም፣ ስሙም ብዙ ቁጥር አይሆንም። ምክንያቱ «ባይ» የምትናገረው ስለ መጓጓዣው ዓይነት እንጂ ስለ አንድ የተለየ መኪና ስላልሆነ ነው። የተለየው መኪና ሲነሳ መስተዋድዱም ይለወጣል፦ በእኔ መኪና ከሆነ «ኢን ማይ ካር»፣ በዚያ አውቶቡስ ከሆነ «ኦን ዛት ባስ»። «ባይ ማይ ካር» የሚለው አነጋገር ከእኛ ዘንድ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው።

በእግር መሄድ «ኦን ፉት»፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ጀርባ መሄድ «ኦን ሆርስባክ» እና «ኦን አ ሚውል» ነው። ገላ ራሱ ወይም የእንስሳ ጀርባ ተሸካሚ ሲሆን እንግሊዝኛ «ላይ» ማለትን ይመርጣል ብሎ መያዝ ለማስታወስ ይረዳል።

የመገናኛና የአከፋፈል መንገዶችም ያንኑ ሕግ ይከተላሉ፦ «ባይ ፎን»፣ «ባይ ኢሜይል»፣ «ባይ ፖስት»፣ «ባይ ቼክ»፣ «ባይ ካርድ»። በጥሬ ገንዘብ መክፈል ግን «ኢን ካሽ» ነው። በእጅ የተሠራ ዕቃ፣ ለምሳሌ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥበብ፣ «ሜድ ባይ ሃንድ» ይባላል።

አራተኛ ደረጃ፦ «በመ…» የሚለውን ግስ በጥንቃቄ ይመልሱ

አማርኛና እንግሊዝኛ ከሚቀራረቡባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። «በማንበብ ተማረ»፣ «በመሥራት ከበረ» ስንል «በ» ከንዑስ አንቀጹ ጋር ተጣብቃ መንገዱን ታሳያለች። እንግሊዝኛም «ባይ» ካለ በኋላ ግሱን «ኢንግ» ያስከትለዋል፦ «ሂ ለርንድ ባይ ሪዲንግ»፣ «ሂ ጎት ሪች ባይ ዎርኪንግ»። «ባይ ሪድ» ወይም «ባይ ቱ ሪድ» የሚባል ነገር የለም። አሉታው «ባለመ…» ሲሆን በመካከል «ኖት» ይገባል፤ «ባለማጨስ ጤናዎን ይጠብቁ» የሚለው ምክር «ፕሮቴክት ዮር ኸልዝ ባይ ኖት ስሞኪንግ» ይሆናል።

ነገር ግን በአማርኛው መጨረሻ ላይ የባለቤትነት ምዕላድ፣ ማለትም ባለቤቱን የሚያመለክት ቅጥያ፣ ከተጨመረ ነገሩ ሌላ ነው። «በማርፈዱ ተቀጣ» ስንል ማርፈዱ የቅጣቱ ምክንያት እንጂ መንገዱ አይደለም፤ ስለዚህ «ሂ ዋዝ ፐኒሽት ፎር ቢይንግ ሌት» እንጂ «ባይ ቢይንግ ሌት» አይባልም። «በመምጣትህ ደስ ብሎኛል» የሚለውም «አይ አም ግላድ ዛት ዩ ኬም» ነው። እንግዲህ በ«በመ…» መጨረሻ ላይ «ዬ»፣ «ህ»፣ «ሽ»፣ «ዋ» ወይም ሌላ የባለቤት ምልክት ሲያዩ ቆም ይበሉና «እንዴት?» ለሚለው ነው ወይስ «ለምን?» ለሚለው የሚመልሰው ብለው ይጠይቁ። «እንዴት?» ከሆነ «ባይ» ትገባለች፤ «ለምን?» ከሆነ «ፎር» ወይም «ቢኮዝ» ይገባል። ይህን መለያ የሰዋስው መጻሕፍት ለእኛ ብለው አይጽፉትም፤ የተጻፉት ለዓለም ሁሉ ነውና፣ የአማርኛን ጠባይ አስበን ራሳችን መጨመር ያለብን ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ የጊዜ ገደብ፣ «ባይ» ወይስ «አንቲል»?

ከሁሉ በላይ ልንቆይበት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። «እስከ ዓርብ ጠብቀኝ» እና «እስከ ዓርብ ክፈል» በሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «እስከ ዓርብ» አንድ ሆኖ ይታያል። እንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያውን «ዌይት ፎር ሚ አንቲል ፍራይዴይ»፣ ሁለተኛውን «ፔይ ባይ ፍራይዴይ» ይለዋል። በዚህ አማርኛ ብቻውን አይደለም። የጀርመንኛው «ቢስ» እና የዕብራይስጡ «አድ» ሁለቱንም ትርጉም ይይዛሉ፤ በጀርመንና በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በሁለት ቋንቋቸው አንድ ያደረጉትን ነገር በእንግሊዝኛ መለያየት ይጠበቅባቸዋል።

ልዩነቱ በግሱ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። መጠበቅ፣ መቆየት፣ መተኛት፣ መሥራት፣ ክፍት መሆን የመሳሰሉት እየቀጠሉ የሚሄዱ ድርጊቶች ናቸው፤ ከአሁን ጀምረው እስከ ተባለው ሰዓት ድረስ ሳይቋረጡ ይዘልቃሉ፤ «አንቲል» ይይዛሉ። መክፈል፣ ማስገባት፣ መጨረስ፣ መመለስ፣ መድረስ የመሳሰሉት ደግሞ አንድ ጊዜ ተፈጽመው የሚያበቁ ናቸው፤ ገደቡ ከመድረሱ በፊት በማንኛውም ቀን ሊፈጸሙ ይችላሉ፤ «ባይ» ይይዛሉ።

ሲያጠራጥርዎ በአማርኛው ላይ ሁለት ፈተናዎችን ያድርጉ። በመጀመሪያ «ሳያቋርጥ» የሚለውን ቃል ይጨምሩበት። «እስከ ዓርብ ሳታቋርጥ ጠብቀኝ» ያስኬዳል፤ «እስከ ዓርብ ሳታቋርጥ ክፈል» ግን የተፈለገውን አይልም። ቀጥሎ «እስከ ዓርብ» የሚለውን አውጥተው «ዓርብ ሳያልፍ» የሚለውን ይተኩበት። «ዓርብ ሳያልፍ ክፈል» ትርጉሙን ይጠብቃል፤ «ዓርብ ሳያልፍ ጠብቀኝ» ያፈርሰዋል። «ሳያቋርጥ» የሚቀበለው «አንቲል»፣ «ሳያልፍ» የሚቀበለው «ባይ» ነው። «ድረስ» የሚለው ቃል መኖሩና አለመኖሩ ግን ምልክት አይሆንም፤ በንግግራችን «እስከ ዓርብ ድረስ ክፈል» እንደምንል እናውቃለንና።

ስሕተቱ በሥራ ቦታ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። አንዲት ሠራተኛ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ስድስት ሰዓት ሠርታ እንደምትወጣ ለአሠሪዋ ለመንገር «አይ ዊል ዎርክ ባይ ሲክስ» ብትል፣ አሠሪዋ ወይ ነገሩ አይገባትም ወይም በስድስት ሰዓት ሥራ ላይ ትገኛለች ብላ ልትተረጉመው ትችላለች፤ ማለት የነበረባት «አይ ዊል ዎርክ አንቲል ሲክስ» ነው። በአንጻሩ «ብሪንግ ዘ ፎርም ባይ መንዴይ» የተባለ ሰው ሰኞ ድረስ ቅጹን ይዞ እንዲቆይ የታዘዘ መስሎት ማክሰኞ ይዞ ቢቀርብ ቀኑ አልፎበታል።

በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ በየዓመቱ የሚገጥመው ግልጽ ምሳሌ የግብር ጊዜ ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር ቅጽ በመደበኛው ጊዜ እስከ ኤፕሪል 15 መግባት አለበት፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል። ማራዘሚያ የጠየቀ ሰው እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ያገኛል፤ ማራዘሚያው ግን ቅጹን ለማስገባት እንጂ ገንዘቡን ለመክፈል አይደለም። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ስንጽፈው ሁለቱ መስተዋድዶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፦ «ዩ ሃቭ አንቲል ኦክቶበር 15 ቱ ፋይል፣ በት ዩ ማስት ፔይ ባይ ኤፕሪል 15»። እዚህ ላይ «ፋይል» አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ግስ ሆኖ ሳለ «አንቲል» የመጣው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አንባቢ በእርግጥ አስተውሏል። «አንቲል» የተያያዘችው ከ«ፋይል» ጋር ሳይሆን ከ«ሃቭ» ጋር ነው፤ ጊዜው በእጅዎ ሆኖ የሚቆየው እስከዚያ ቀን ነው ማለት ነውና።

በአሉታ ዓረፍተ ነገር ልዩነቱ ይበልጥ ይሰላል። «አይ ዎንት ፊኒሽ ባይ ፍራይዴይ» ያለ ሰው ዓርብ ሲመጣ ሥራው ገና አልተጠናቀቀም ማለቱ ነው፤ መቼ እንደሚጠናቀቅ አልተናገረም። «አይ ዎንት ፊኒሽ አንቲል ፍራይዴይ» ያለው ግን ከዓርብ በፊት አትጠብቁኝ፣ ዓርብ ግን እጨርሳለሁ ማለቱ ነው። ሁለቱም በአማርኛ «እስከ ዓርብ አልጨርስም» ሊባሉ ስለሚችሉ፣ ከአለቃ ጋር የሚነጋገር ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ቢወስን መልካም ነው።

«ባይ ፍራይዴይ» ሲባል በተለመደው አነጋገር ዓርብ ራሱ ይቆጠራል፤ «ቢፎር ፍራይዴይ» ሲባል ግን ሐሙስ መጨረሻው ነው። ሰዓት ሲጠቀስ ደግሞ እኛን ብቻ የሚመለከት ሌላ ወጥመድ አለ። «ባይ 3 ፒኤም» የሚል ቀጠሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ማለት እንጂ እስከ 3 ሰዓት ማለት አይደለም፤ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት በቃል እያሰሉ ከማለፍ ይልቅ ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጽፎ መያዝ ይሻላል።

ከዚሁ ቤተሰብ «ባይ ናው» (እስካሁን)፣ «ባይ ዜን» (እስከዚያ) እና «ባይ ዘ ታይም» (በ…ጊዜ፣ ሲ…) አሉ። «እስካሁን ሳትደርስ አትቀርም» የሚለውን ግምት «ሺ ሹድ ቢ ዜር ባይ ናው» ይገልጸዋል። «ባይ ዘ ታይም» ሁለት ድርጊቶችን አስከትሎ አንዱ ሌላውን እንደቀደመው ይናገራል፦ «እኔ ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» የሚለው «ባይ ዘ ታይም አይ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ሃድ ለፍት» ይሆናል። የቀደመው ድርጊት «ሃድ» እንደያዘ ልብ ይበሉ፤ የእኛ «ሄዶ ነበር» ያለችው «ነበር» ሥራዋ ይኸው ነው። ነገሩ ወደፊት ሲሆን፣ ለምሳሌ «ስትመጣ ጨርሼ እጠብቅሃለሁ» ስንል፣ ከ«ባይ ዘ ታይም» ቀጥሎ «ዊል» አይገባም፤ «ባይ ዘ ታይም ዩ ካም» እንጂ «ዩ ዊል ካም» አይባልም። «ጨርሼ እጠብቅሃለሁ» የሚለው ክፍል ግን «አይ ዊል ሃቭ ፊኒሽድ» ብሎ «ዊል» ይወስዳል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መጠን፣ ልኬትና ልዩነት

የሚሸጥበትን ወይም የሚከፈልበትን መስፈሪያ ስንጠቅስ «በኪሎ»፣ «በሰዓት»፣ «በደርዘን» እንላለን። እዚህ ላይ በሦስተኛው ደረጃ ከተማርነው ሕግ ተቃራኒው ይሠራል፤ «ዘ» ትገባለች። በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ «ፔይድ ባይ ዚ አወር» ነው፤ ቡናው በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ «ሶልድ ባይ ዘ ኪሎ» ነው። «ባይ አወር» ብሎ መተው ያልተሟላ ነው። ዋጋው ራሱ ሲነገር ግን «ባይ» ትቀራለች፤ በሰዓት 20 ዶላር የሚለው «20 ዶላርስ አን አወር» ይባላል።

ጭማሪና ቅናሽ ሲነገር «ባይ» የልዩነቱን መጠን፣ «ቱ» የተደረሰበትን ቁጥር ያሳያሉ። ደመወዙ 8000 ብር የነበረ ሰው 2000 ብር ቢጨመርለት «ኢንክሪስድ ባይ 2000 ብር»፣ ወይም «ኢንክሪስድ ቱ 10000 ብር» ይባላል። «ኢንክሪስድ ቱ 2000 ብር» ብሎ የጻፈ ሰው ደመወዙን ያለ ፈቃዱ ቀንሶ ጽፏል። አማርኛው «በ2000 ብር ጨመረ» እና «ወደ 10000 ብር ከፍ አለ» እያለ በትክክል ስለሚለያቸው ይህን ክፍል ለመማር አማርኛችን በቂ መምህር ነው።

ለስፋት ልኬትም አማርኛው ይገጥማል። «ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶግራፍ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ የለም፤ ያቺ «በ» በቀጥታ «ባይ» ናት። በዲቪ ማመልከቻ የሚላከው ፎቶግራፍ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል መሆን እንዳለበት ሲነገር «600 ባይ 600 ፒክስልስ» ይላል። በሒሳብ «መልቲፕላይድ ባይ» ማለት «በ… ሲባዛ» ነው፤ «ዲቫይድድ ባይ» ሲመጣ ግን አማርኛ «ለ» ይላል፤ 12 ለ3 ሲካፈል የሚለው «12 ዲቫይድድ ባይ 3» ነው።

አንድን ቃል በመድገም የሚሠሩ ሐረጎችም እዚህ ይገባሉ። «ዋን ባይ ዋን» አንድ በአንድ፣ «ስቴፕ ባይ ስቴፕ» ደረጃ በደረጃ ነው፤ «ሳይድ ባይ ሳይድ» ግን በአማርኛ ጎን ለጎን፣ «ዴይ ባይ ዴይ» ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ይሆናል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ በቃል የሚያዙት

የተወሰኑ ሐረጎች ምክንያት ሳይጠየቁ እንዳሉ የሚያዙ ናቸው፤ ደግነቱ ብዙዎቹ በአማርኛም «በ» ይይዛሉ። በስሕተት «ባይ ሚስቴክ»፣ በአጋጣሚ «ባይ ቻንስ»፣ በግድ «ባይ ፎርስ»፣ በሕግ «ባይ ሎው»፣ በሙያ «ባይ ፕሮፌሽን»፣ በትውልድ «ባይ በርዝ» ነው። በቃል ማጥናት «ለርን ባይ ሃርት» ይባላል፤ ዳዊትን በቃሉ ያጠና የቆሎ ተማሪ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ዳዊትን ከልቡ አጠገብ ይዞታል። ሆን ብሎ ማድረግ ግን «ኦን ፐርፐስ» ሆኖ ከ«ባይ» ይወጣል። በነገራችን ላይ የምንለው ደግሞ «ባይ ዘ ዌይ» ነው።

«ባይ ማይሰልፍ» ሁለት ትርጉም ስላላት ብቻዋን ጥቂት ትኩረት ይገባታል። «አይ ሊቭ ባይ ማይሰልፍ» ሲባል «ብቻዬን እኖራለሁ» ነው፤ «አይ ፊክስድ ኢት ባይ ማይሰልፍ» ሲባል ግን «ያለ ማንም እርዳታ በራሴ ጠገንሁት» ነው። የትኛው እንደሆነ ግሱ ይናገራል።

«በ» ሁሉ «ባይ» እንዳይመስለን፣ ስንናገር በብዛት የምንስታቸውን ላንሳ። በአማርኛ መናገር «ኢን አምሃሪክ»፣ በእኔ አስተያየት «ኢን ማይ ኦፒኒየን»፣ በቴሌቪዥን «ኦን ቲቪ»፣ በሰዓቱ መድረስ «ኦን ታይም»፣ በ50 ብር መግዛት «ፎር 50 ብር» ነው። በእነዚህ ላይ «ባይ» የሚያስገባ ሰው እንግሊዝኛውን ሳይሆን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ልብስ ነው የሚናገረው።

ስምንተኛ ደረጃ፦ በራስዎ አማርኛ ይለማመዱ

ልምምዱ እንዲሠራ ከመጽሐፍ የተቀዳ ጥያቄ አያስፈልግም። የራስዎን ኑሮ በአማርኛ በአምስትና በስድስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ «በ» እና «እስከ» ባሉበት ሁሉ ያስምሩ፤ ከዚያ እያንዳንዱን «ማን አደረገው? በምን? እንዴት? ለምን? የት? እስከ መቼ?» እያሉ ይጠይቁ። አንድ ናሙና እንሥራ።

«ወንድሜ በሙያው ሐኪም ነው። በግንቦት በአውሮፕላን ወደ ዋሽንግተን ሄደ። እስከ መስከረም በዘመድ ቤት ተቀመጠ። እስከ ጥቅምት ፈተናውን መጨረስ ነበረበት። ሌሊት በማጥናት አለፈ። አሁን በሰዓት ይከፈለዋል፤ በመመረጡም ደስተኛ ነው።»

ሙያው «ባይ ፕሮፌሽን» ነው። ግንቦት ወር ስለሆነ «ኢን ሜይ»፤ አውሮፕላኑ መጓጓዣ ስለሆነ ያለ «ዘ» «ባይ ፕሌን»። መቀመጡ ሳይቋረጥ የዘለቀ ነውና «አንቲል ሴፕቴምበር»፤ ቤቱ ቦታ ነውና «አት አ ሬለቲቭስ ሃውስ»። ፈተናው ጥቅምት ሳያልፍ የሚጠናቀቅ ነውና «ባይ ኦክቶበር»። ማጥናቱ «እንዴት?» ለሚለው ይመልሳልና «ባይ ስተዲይንግ አት ናይት»። ሰዓቱ መስፈሪያ ነውና ከነ «ዘ»ዋ «ባይ ዚ አወር»። የመጨረሻው «በመመረጡ» ግን ባለቤቱን የሚያመለክት ምዕላድ ይዟል፤ ጥያቄውም «ለምን ደስ አለው?» ነው፤ ስለዚህ «ሂ ኢዝ ሃፒ ዛት ሂ ዋዝ ቾዝን» ተብሎ «ባይ» ሳትገባ ይጻፋል።